ከለንደን ፀጉር ላስመጣ መንግሥት የጉና አፈር ምነው ራቀው?

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ማረሻው ድንጋይ ሲመታና ብረት ሲመታ በድምፁ ለይቶ ያውቃል። ይህን ያስተማረው ጦርነት ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ የነበረውን ምሽግ ለቆ እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. ነው። በ1982 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊትና የኢሕአዴግ ጦር በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ተላለቁ። በየካቲት 1983 ዓ.ም. «ዘመቻ ቴዎድሮስ» በተባለው ጥቃት ጎንደርና ጎጃም ከደርግ እጅ ወጡ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሕወሓት ጦር ንፋስ መውጫን ይዞ ወደ ጉና ገፋ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም የአማራ ክልል የመንግሥት ጦርና የፋኖ መዋጊያ ሆነ። ባንዲራው ይለዋወጣል፤ አፈሩ ያው አፈር፣ የወደቀውም ያው የድሃ ልጅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ አፈር ምን ይወጣል? ቀለህ ይወጣል፤ የኮዳ ክዳን፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የማዕረግ ኮከብ ይወጣል። አንዳንዴም ስም ወይም ቁጥር የተቀረጸበት፣ ባለቤቱ ከአንገቱ ወይም ከጣቱ ያላወጣው ነገር ይኖራል፤ ሜዳይ፣ ቀለበት፣ የአንገት መስቀል። ዛሬ ደግሞ ማረሻ ብቻ አይደለም የሚያወጣው። ወርቅ ፈላጊው በየአገሩ የሚይዘው፣ «ዲቴክተር» የሚባለው ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ግን ወርቁን ከቀለበት፣ ቀለበቱን ከፈንጂ አይለይም። የተገኘው ነገርስ የት ይሄዳል? ነሐሱና ብረቱ በኪሎ ለቆራሌው፣ ብሩና ወርቁ ለአንጥረኛው። እዚያ ደርሶ ከቀለጠ በኋላ የማን ልጅ እንደነበረ የሚናገር ፍጡር የለም።

ይህ ጋዜጣ ዛሬ የሚጠይቀው አጭር ጥያቄ ነው። አንድ የመካነ ኢየሱስ እረኛ ስም ያለበት የወታደር ቀለበት ቢያገኝ ለማን ይስጥ?

ለቀበሌው? ቀበሌው መዝገብ የለውም። ለፖሊስ? «ከየት አመጣኸው? የማን ወገን ነህ?» መባልን ማን ይሻል? ለቅርስ ባለሥልጣን? የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ላስረከበም ተገቢው ወሮታ እንዲሰጠው ይላል። ደግ ሕግ ነው። በፋሺስት ዘመን የወደቀ አርበኛ ሜዳይ ቢገኝ በዚህ ሕግ ሊጠበቅ ይችል ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የወደቀ የሃያ ዓመት ልጅ ቀለበት ግን ገና «ቅርስ» አልተባለም። እናቱ በሕይወት አለች! ቅርስ እስኪሆን እሷ ትጠብቅ?

መንግሥት የማስመለስን ነገር አያውቅም እንዳንል ያውቃል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሚኒስትር ልኮ የዐፄ ቴዎድሮስን ፀጉር ከለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተረክቧል። እሰየው ብለናል፣ ዛሬም እንላለን። የካቲት 2016 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈ ጋሻ እንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ተቃውሞ ተነሥቶ ከጨረታው ወጥቷል። ይሄም እሰየው ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነውና የጋይንት ሰው በዚህ ከማንም በላይ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ሴባስቶፖልን የጎተቱት እጆች የማን ነበሩ? የወታደሩና የገበሬው። የንጉሡ ፀጉር ከ150 ዓመት በኋላ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፣ የወታደሩ ስም ግን ከጉና እስከ እናቱ ደጃፍ ያለውን መንገድ መሻገር ያቅተዋል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው።

አገራችን ለወታደሯ እንዲህ ሆና አልኖረችም። ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው። በየተራው ከሄዱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ ሞተዋል፤ አንድም የተማረከ የለም። የሞቱትም ቡሳን ከሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ተነሥተው አገራቸው ገብተዋል። ከዓለም ጥግ አስከሬን ያስመጣች አገር በራሷ ተራራ ላይ የወደቀውን ልጇን ስም አጣች ሲባል መስማት ያሳፍራል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሀገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ተበተነ፤ «ልጄ ሞቷል ወይስ ተማርኮ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ መልስ የሚሰጥ ቢሮም አብሮ ተበተነ። ከኤርትራ ጋር ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት የሞተብን ስንት ነው? አስመራ በሰኔ 1995 ዓ.ም. 19,000 ሰው ሞተብኝ ብላ ለየቤተሰቡ አረዳች። አዲስ አበባ የሟቾቿን ዝርዝር ለሕዝብ አላወጣችም። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለሟች ታጋዮች ቤተሰቦች መርዶ ነግሮ ሐዘን አወጀ። የፌዴራሉ መንግሥትስ? በዚያው ጦርነት ስንት ወታደርና ስንት ሚሊሺያ እንደሞተበት፣ እነማን እንደሆኑ ዝርዝሩን ለሕዝብ አልገለጠም። «ጀግኖቻችን» ማለት ቀላል ነው። የጀግናን ስም ከነአባቱ ጠርቶ ለእናቱ መንገር ነው የከበደው።

የቁርጥ ነገር ቀላል አይደለም። በአገራችን ወግ አስከሬን ባይገኝ እንኳ የሟች ልብስና መሣሪያ ወጥቶ ይለቀሳል፤ ተዝካሩ ይወጣል፤ ሐዘንተኛዋ ከል ትለብሳለች፣ ጊዜው ሲደርስም ታወልቃለች። ቁርጡን ያላወቀች እናት ግን አታለቅስ፣ አትተው። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይሸበራል። ሚስቱም እንደዚያው፤ ባሏ የሞተባት አትባል፣ ባል ያላት አትባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋ ሰው ሲኖር ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሁሉ ለፍርድ ቤት አመልክቶ መጥፋቱን እንዲያስወስን ይፈቅዳል። ታዲያ ለዚያች ሴት ከማሳ የወጣች አንዲት ስም ያለባት ብረት ስንት የምስክር ቃል ታክላለች!

ዓለም ይህን እንዴት እንደሚያደርገው አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። እንግሊዝና አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ደሴቶች ተዋጉ። በማግስቱ ጄፍሪ ካርዶዞ የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የጠላቱን ወታደሮች አስከሬን ሰብስቦ፣ ከእያንዳንዱ ጋር የተገኘውን ዕቃ አብሮ አስቀምጦ፣ መዝግቦ ቀበራቸው። ከ120 በላይ በሚሆኑት መቃብሮች ላይ «ለእግዚአብሔር ብቻ የታወቀ የአርጀንቲና ወታደር» ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ2017 መቃብሮቹን ሲከፍት፣ የዚያ መኮንን ጥንቃቄና የቤተሰቦች የደም ናሙና ተጋግዘው የአብዛኞቹ ስም ታወቀ። ከ35 ዓመት በኋላ! ሁለቱ አገሮች በደሴቶቹ ይገባኛል ጥያቄ ገና አልተስማሙም። በሙታን ስም ግን ተስማሙ።

ኢትዮጵያስ ሕጉ ጎድሏት ነው? የጄኔቫ ስምምነቶችን በ1962 ዓ.ም. አጽድቃለች። የእርስ በርስ ጦርነትን የሚመለከተውን ሁለተኛውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ይኸው ፕሮቶኮል ሙታን እንዲፈለጉ፣ እንዳይዘረፉ፣ በክብር እንዲቀበሩ ያዛል። ፊርማው አለ፤ ሥራው የለም።

«ይሄ የደረቀ ቁስል መቀስቀስ ነው» የሚሉ አሉ። ቁስሉ የደረቀው ለማን ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። «የጠላት ዕቃ ለምን እንመልሳለን?» የሚሉም አይጠፉም። መልሳችን አጭር ነው። የሞተ ሰው ጠላት አይሆንም፤ እናቱም ተዋጊ አልነበረችም። የጋይንት ሰው በ2013 ዓ.ም. የደረሰበትን መከራ ማንም አይነግረውም፤ በንፋስ መውጫ በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ በዓለም አቀፍ ድርጅት ሪፖርት ተመዝግቧል። ፍትሕ ይገባዋል። ግፈኛውን መክሰስ አንድ ነገር፣ የሟችን ቀለበት ለቆራሌ መሸጥ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የመከላከያ ሚኒስቴርና የክልሉ መንግሥት በየወረዳው፣ በመካነ ኢየሱስም በንፋስ መውጫም፣ የተገኘ የወታደር ዕቃ መረከቢያ መዝገብ ይክፈቱ። ዕቃው ምንድን ነው፣ የት ማሳ ተገኘ፣ በምን ቀን፣ ምን ተጽፎበታል፤ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። ያስረከበ ሰው «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ እንዳይታሰር ዋስትና ይሰጠው። መንግሥትን ለሚፈራ ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና የደብሩ አስተዳዳሪ የሚረከቡበት መንገድ ይኑር። የተጠፋፋ ቤተሰብ ማገናኘት የቀይ መስቀል የቆየ ሥራው ነው።

ሁለተኛ፣ በ1982ም ሆነ በ2013 የወደቁት ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ይሰለፉ፣ የስም ዝርዝራቸው ይውጣ። መዝገቡ ከሌለ የተገኘችው ብረት ባለቤቷን አታገኝም።

ሦስተኛ፣ በዲቴክተር ውጊያ የተደረገበትን ቦታ እየቆፈሩ መነገድ በግልጽ ሕግ ይከልከል። ቆራሌውም አንጥረኛውም ስም ያለበትን ነገር እንዳያቀልጡ ይነገራቸው።

ለእናንተ ለአገሩ ሰዎች ደግሞ አንድ ቃል አለን። ቅርጹን የማታውቁትን ብረት አትንኩ፤ ልጆችም እንዳይነኩ ምከሩ። ያልፈነዳ ነገር የማንንም ወገን አይለይም። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ ለሚመለከተው ንገሩ። አጥንት ካያችሁ አትቆፍሩ፤ ካህንና ሽማግሌ ጥሩ። አፈሩ ራሱ ገፍቶ ያወጣላችሁን ስም ያለበት ነገር ግን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ያገኛችሁበትን ቦታና ቀን ጻፉ። ቢሮ እስኪከፈት የእናንተ ሣጥን ቢሮ ይሁን።

መንግሥት ሆይ! ከለንደን ያመጣኸውን አይተን አመስግነንሃል። አሁን ደግሞ ፓስፖርትም አውሮፕላንም የማይጠይቀውን፣ ከጉና ሥር ያለውን መልስ። የሚጠብቁት እናቶች ዕድሜያቸው እየሄደ ነውና ይታሰብበት!