የደጃፍ መብራታችንና የሩቁ ብርሃን



ከመንደራችን ልጆች አንዱ ማታ ማታ በጓሮው ወፍራም ቱቦ የመሰለ ዕቃ ተክሎ እንደሚያመሽ፣ «ሰው ቤት ሊያይ ነው» የሚል አቤቱታ ደርሶን ነበር። እኛም ሳናጣራ ዘበኛ ልከን ዕቃውን አስነሳነው። በማግስቱ ልጁ ከእናቱ ጋር መጥቶ ያነሳውን ፎቶግራፍ ሲያሳየን አፈርን። በፎቶው ላይ የማንም መስኮት የለም፤ ያለው አንድሮሜዳ የሚባለው ጋላክሲ ነው። ስለ ጥፋታችን ልጁንና ቤተሰቡን በዚህ ሰሌዳ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጋላክሲ ማለት እጅግ ብዙ ከዋክብት በአንድነት የሚገኙበት ክምችት ነው። የእኛ ፀሐይ ያለችበት ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። አንድሮሜዳ ከትልልቆቹ ጋላክሲዎች ለእኛ ቅርቡ ነው። ቅርብ ይባል እንጂ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ ያ ብርሃን ጉዞ ሲጀምር በአገራችን ምድር ድንጋይ መጥረብ ተጀምሯል ማለት ነው። ስሙም ቢሆን ባዕድ አይደለም፤ በጥንት ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ልጁ እንዳስረዳን ሥራው የሠርግ ፎቶ እንደማንሳት አይደለም። ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ይሸሻሉ፤ ቴሌስኮፑን ቀስ እያደረገ የሚያስከትላቸው ሞተር ያስፈልጋል። ካሜራው አንድ ሁለት ደቂቃ ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል፤ እንደገና ይደግማል፤ መቶም ሁለት መቶም ጊዜ። ከዚያ ሁሉም በኮምፒዩተር ተደራርበው አንድ ፎቶ ይሆናሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ታዲያ የጎረቤት ትልቅ አምፖል ወደ ላይ ሲያበራበት፣ ያን ያህል ርቆ የመጣው ብርሃን በነጭ ጭጋግ ይዋጣል። ልጁ ሦስት ሌሊት የለፋበት እንዲህ ሆኖ ቀርቷል።

«ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ምን ይጠቅመናል?» ያሉ አባላት አሉ። ሙያቸው ያልሆነ ሦስት የሰማይ ወዳጆች፣ ሁለቱ ፈረንሳዊ አንዱ ጀርመናዊ፣ አንድሮሜዳ በሚታይበት የሰማይ ክፍል ከዚያ በፊት ማንም ያላስተዋለውን ትልቅ የኦክስጅን ጋዝ ቅስት ማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል። ያገኙትም በትንሽ ቴሌስኮፕ ከመቶ ሰዓት በላይ ብርሃን ሰብስበው ነው። ትልልቆቹ ያለፉትን ትዕግሥተኞቹ አገኙት። እዚሁ እንጦጦ ላይም አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ የከተማው መብራት ለእነሱም እንቅፋት ነው።

በሌላ በኩል የሌባ ሥጋት የምር ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ቤት ተሰብሯል፤ ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶችም አሉን። ስለዚህ «መንደሩ ይጨልም» አላልንም፤ አንልምም። ነገር ግን እርቃኑን የተሰቀለ አምፖል የሚያበራው ዓይንን ነው፤ ከኋላው የቆመውን ሰው ይሸሽጋል። ከላይ ክዳን ተደርጎለት ወደ መሬት ሲያበራ ግን በሩንም ሰውየውንም ያሳያል። ዘበኞቻችንም ሞክረው የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ያሳስባል፦

1ኛ/ እያንዳንዱ ቤት የደጃፉን አምፖል በቆርቆሮ ክዳን ሸፍኖ ወደ ታች እንዲያዞር። ቆርቆሮ መግዛት ለሚያቅተው ማህበሩ ያሠራለታል።

2ኛ/ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጨረቃ በሌለችባቸው ምሽቶች ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ የማያስፈልግ የጓሮ መብራት እንዲጠፋ። በኅዳር መጀመሪያ አንድሮሜዳ በእንጦጦ አቅጣጫ ከፍ ብሎ የሚታየው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የበር መብራት አይነካም።

3ኛ/ በጎረቤቱ ቅር የተሰኘ ሁሉ ዘበኛ ከመጥራቱ በፊት አንኳኩቶ እንዲጠይቅ። ይኼ መጀመሪያ እኛን ይመለከታል።

ልጁም የመንደሩን ልጆች በየተራ ሊያሳያቸው ቃል ገብቷል። እኛ ኮሚቴዎቹም ከልጆቹ ኋላ ተሰልፈን ተራችንን እንጠብቃለን።

ከማህበሩ ጽሕፈት ቤት