ከብዙ ፉከራ ጥቂት ልማድ

መስከረም በጠባ ቁጥር በብዙ ቤት የሚነገረው ነገር ተመሳሳይ ነው። የቤቱ ጌታ «ከእንግዲህ ወዲህ ገንዘቤን በከንቱ አላጠፋም» ይላል፤ እመቤቲቱም የቤቱን ሥርዓት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማደስ ታስባለች፤ ልጁም በዚህ ዓመት ከጓደኞቹ ሁሉ ቀዳሚ ሊሆን ለአባቱ ቃል ይገባል። ሐሳቡ መልካም ስለ ሆነ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን የአደዩ አበባ ሳይረግፍ ቃሉ የሚረሳበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የዕለት ልማድ ትንሽም ቢሆን ከታላቅ ፉከራ ይልቅ ምን ያህል ፍሬ እንዲሰጥ ለአንባቢዎቻችን ለመናገር ወደድን።

ለዚህ ነገር ምስክር ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የጎጃም የቅኔ ጉባኤዎች ይበቁናልና። ዲማ ጊዮርጊስ፥ ዋሸራ፥ ጎንጅና ደብረ ኤልያስ ስማቸው በመላው ኢትዮጵያ የተጠራው በሕንፃቸው ትልቅነት ወይም በሀብታቸው ብዛት አይደለም። ከሩቅ አውራጃ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ተማሪ የሚያገኘው አንዲት የሣር ጎጆ፥ ከደጅ ለምኖ የሚያመጣው ቁራሽ፥ ከዚህም ጋራ በየቀኑ የማይለወጥ ሥርዓት ነው። ይህም ሥርዓት እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

ተማሪው ግሡን ከነርባታው ከጓደኞቹ ጋራ ይቀጽላል። ከዚያም በኋላ ብቻውን ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጐደለውን ሞልቶ የተጣመመውን አቅንቶ ይመልስለታል። መጀመሪያ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ነው። ይህ ሲቀናው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ ይሻገራል፤ እነዚህም 3 ቤት ናቸው። ከዚያ ዋዜማ 5 ቤት፥ ሥላሴ 6 ቤት፥ መወድስም 8 ቤት ሆኖ ይከተላል። ከመወድስ የሚጀምር ተማሪ የለም። ትናንት የተነገረውም ቅኔ ዛሬ ተደግሞ ስለማያስመሰግን፥ ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ነገር ማምጣት ይገባዋል። ከዚህ የተነሣ የዕለት ልማድ አእምሮን የሚያደነዝዝ ሳይሆን የሚስል መሆኑን እንረዳለን።

ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በዚሁ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የጣልያን ጦርነትና ምርኮ፥ ቀጥሎም በውጭ አገር የመንግሥት አገልግሎት መጣ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ከተወለዱ 56 ዓመት አልፎ ነበር። በትንሽነት ጥቂት በጥቂት የተቀመጠ ትምህርት ጦርነትና ስደት እንደማይነጥቁት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም።

«እንዲህ ከሆነ ታላቅ ሐሳብ ማሰብ አይጠቅምምን?» የሚል ቢኖር፥ ይጠቅማል ብለን እንመልሳለን። ታላቅ ሐሳብ ባይኖረው ኖሮ ያ ተማሪ ከእናቱ ቤት ተነሥቶ በደጋው ብርድ ያን ሁሉ መንገድ ባልሄደ ነበር። ነገር ግን ሐሳቡ እስከ መምህሩ ደጅ ያደርሰዋል እንጂ ቅኔውን አይቈጥርለትም። የፉከራ ጕዳቱም ምስጋናውን ከሥራው አስቀድሞ መውሰዱ ነው። ሰው በዘመዶቹ ፊት ቃል በገባ ጊዜ ሁሉም ያመሰግነዋል፤ ልቡም ሥራውን እንደ ፈጸመ ያህል ይረካል። የዕለት ልማድ ግን ምስክር የለውም፤ ማንም አያጨበጭብለትም፤ የሚታወቀው ካፈራ በኋላ ነው። በየማታው ጥቂት ጥቂት የምትፈትል ሴት ለጊዜው የሚታያት አንዲት ትንሽ ልቃቂት ብቻ ናት፤ ብርድ በመጣ ጊዜ ግን ቤተ ሰቡ ጋቢ ይለብሳል።

እንግዲህ በየቤታችን የሚቻለውን እንመልከት። ገንዘብ ለመቈጠብ የሚያስብ ሰው ሳይተኛ የዕለቱን ወጪ በደብተር ይጻፍ፤ ከሦስት ወር በኋላ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚፈስ ሳይነግሩት ያውቃል። ልጁ እንዲማርለት የሚወድ አባት ትልቅ ሽልማት ከሚነግረው ይልቅ፥ ከራት በፊት አንድ ገጽ ያስነብበውና ተቀምጦ ይስማው። ልማዱም በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ ቢሆን ይጸናል፤ «ጊዜ ሳገኝ» የተባለ ነገር ጊዜ አያገኝምና።

አንድ ቀን ቢያመልጥስ? እንግዳ ይመጣል፤ ሕመም ይመጣል፤ የመንግሥት ሥራም ያስመሻል። ብዙ ሰው ልማዱን የሚተወው በዚህ ጊዜ ነው፤ «አንዴ ተበላሽቷል» ይላልና። ቅኔው የተመለሰበት ተማሪ ግን አኮፋዳውን አንሥቶ ወደ አገሩ አይሄድም፤ በማግሥቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል። ስለዚህ ያመለጠውን ቀን ዕዳ አድርጎ በነጋታው እጥፍ መጫን አይገባም፤ የነጋታውን ድርሻ ብቻ መሥራት ይበቃል።

ይህን ነገር ከባድ የሚያደርገው ግን ከገንዘቡም ከትምህርቱም በላይ ሌላ አለ። አባቱ በየመስከረሙ ቃል ሲገባና በየጥቅምቱ ሲተወው እያየ ያደገ ልጅ፥ ቃል ማለት የሚነገር እንጂ የሚፈጸም አይደለም ብሎ ይማራል፤ ይህንም ትምህርት ኋላ ማንም መምህር ሊያስረሳው ይቸገራል። አባቱ በየማታው ትንሿን ደብተር ከፍቶ ሲጽፍ ያየ ልጅ ግን ምንም ሳይነገረው የቃልን ክብር ያውቃል። ለልጆቻችን ከምናወርሳቸው ርስት ሁሉ ይህ ይበልጣልና፥ ለመጀመር መስከረምን አንጠብቅ፤ ዛሬ ማታ ይበቃል።