ጎርፍና ጎርፍ በሚገናኙበት ስፍራ

በመካና በጅዳ ምድር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ዐረቦች «ዋዲ» የሚሉት ደረቅ ሸለቆ ግን ኃይለኛ ዝናም በጣለ ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታላቅ ወንዝ ይሆናል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ከጥማትም ከጎርፍም ጋር ይታገላል።

ለጥማቱ የቀደሙት ሰዎች በብልሃት ሠርተዋል። የኸሊፋው የሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ከሑነይንና ከኑዕማን ሸለቆዎች የምንጭ ውሃ በቦይ ወደ መካ አስመጣች፤ ሥራውም በየጊዜው እየታደሰ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሳላሚዎችን አጠጣ። የምንጭ ውሃ ልኩ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሁለት ቦዮች ሲጋጠሙ የታችኛውን ስፋት መወሰን አያስቸግርም።

ጎርፍ እንዲህ አይደለም። ከጎን የሚገባው ቦይ ዋናውን ውሃ ወደ ማዶ ግድግዳ ይገፋዋል፤ ከመጋጠሚያው ማዕዘን በታች ውሃው በከንቱ ይሽከረከራል፤ ደለልም በዚያ ይቀመጥና መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ከዚህ የተነሣ ውሃው ከመጋጠሚያው በላይ በሁለቱም ቦዮች ከፍ ይላል። ቦዩን በጠባብ ማዕዘን ቀስ አድርጎ ማስገባት፣ ታችኛውን ማስፋት፣ ደለሉን በየጊዜው መጥረግ የታወቀ መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሁለቱ ጎርፍ ሙላት በአንድ ሰዓት ከደረሰ ይህ ሁሉ አይበቃም።

ጅዳ ይህን በመከራ አይታዋለች። ኅዳር 16 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ የሐጅ ሥርዐት በሚጀመርበት ዕለት፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ከ90 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም ጣለ፤ ከምሥራቅ ኮረብቶች የወረደው ጎርፍ በሸለቆ ውስጥ የተሠሩትን ሰፈሮች ጠረገ፤ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በጥር 2003 ዓ.ም. ደግሞ የኡም አል-ኸይር ግድብ ተደረመሰ። ማገድና መግራት አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

እንግዲህ ጎርፍ መገራት ያለበት ከመገናኛው በላይ ነው። ኸሊፋው ዑመርም በ7ኛው መቶ ዓመት መከላከያ ያሠራው በመካ ላይኛው ክፍል ነበር። ሆኖም ላይኛው ግድብ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የሚዘነጉትም ይህንኑ ነው። ፈጥኖ የሚደርሰውን ጎርፍ ቢያዘገዩት፣ ኋላ ከሚመጣው ጋር ሊገጥምና ጥፋቱን ሊያከብድ ይችላል። ማዘግየት የሚገባው የኋለኛውን ነው፤ የፊተኛው አልፎ እስኪሄድ ድረስ።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ነፍስ አጥፍቷል። ደቻቱም እንደ ጅዳ ሸለቆዎች በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ከኮረብታው የሚወርዱት ፈፋዎችም ሳይደርቁ በፊት ካልሆነ የመድረሻ ሰዓታቸው አይለካም። መለኪያው እንጨት በየፈፋው አፍ መተከል ያለበት ስለ ግንብ ከመነጋገር በፊት ነው።