«ኢማንሽ ደካማ ነው» አትበሏት! ልቡ ለተሰበረ ሰው የነፈግነው ሐቅ



ጎንደር ላይ ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ ዓለም ይሁን ሌላ ሰፈር፣ ዳባት ይሁን ደባርቅ፣ ጀናዛው ሳይወጣ ጎረቤት ይሞላል። ምግብ ይመጣል፤ ሶስት ቀን ቤቱ ሰው አይለየውም። ሐዘንተኛውን «ምን ያስለቅስሃል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ትዳር ሲሞትስ? እጮኛዋ ከዓረብ አገር በአንድ የድምፅ መልእክት «በቃ» ያላት እህታችንስ? ኒካህ አስሮ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ሰርጉ ሊደርስ ሲል የፈረሰበት ወንድማችንስ? ያኔ ቤቱ ጭር ይላል። የሚመጣም ካለ ወሬ ለመልቀም ነው። ደግ የሚባለውም ሰው አንድ ቃል ተናግሮ ይሄዳል፦ «ቀደር ነው፤ ሶብር አድርጊ። የምታለቅሺው ኢማንሽ ስለደከመ ነው።»

ይህን ንግግር ነው የምንቃወመው። ዲን መስሎ ይነገራል እንጂ ዲን አይደለም።

የሙጊስንና የበሪራን ታሪክ እናስታውስ። ቡኻሪ ዘግበውታል። በሪራ (ረ.ዐ) ባሪያ ነበረች፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነፃ አወጣቻት። ባሏ ሙጊስ ገና ባሪያ ስለነበር ከእርሱ ጋር የመቆየትም የመለየትም ምርጫ ተሰጣት። መለየትን መረጠች። ሙጊስ በመዲና ጎዳና ከኋላዋ እየተከተለ፣ እንባው በፂሙ ላይ እየወረደ ያለቅስ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዩት። የሙጊስ ፍቅርና የበሪራ ጥላቻ እንደሚያስደንቅ ለአጎታቸው ለዐባስ ነገሯቸው። ከዚያም በሪራን ብትመለሺለት አሏት። «ትእዛዝ ነው?» ብላ ጠየቀች። አማላጅ ብቻ እንደሆኑ ነገሯት። እርሷም እንደማትፈልገው ተናገረች፤ ነገሩ በዚያው አበቃ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሙጊስን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ያለው የለም። «ኢማንህ የት ሄደ?» ያለውም የለም። እንዲያውም የአላህ መልእክተኛ ራሳቸው ሕመሙን ከቁም ነገር ቆጥረው አማለዱለት። በሌላ በኩል ደግሞ በሪራን ማንም አላስገደዳትም። እንባው እውነት ነበር፤ እምቢታዋም ሐቋ ነበር።

እኛ ሁለቱንም ገለበጥነው። የሚያለቅሰውን እናሳፍራለን፤ እምቢ ያለችውን ደግሞ «ይኸው ልጁ ሊሞትልሽ ነው» እያልን ሽማግሌ ልከን እናስጨንቃለን። ወንድሜ ሆይ፣ ልብህ መሰበሩ ደጇ ላይ እንድትቆም፣ በስልክ እንድታስፈራራት፣ ፎቶዋን እንድትበትን ፈቃድ አይሰጥህም። ሙጊስ አለቀሰ እንጂ አልዛተባትም።

«ታዲያ ሶብር የት ገባ?» የሚል ይኖራል። ሶብር ማለት ምላስን አላህን ከማማረር፣ እጅንም ከሐራም መያዝ ነው። ዓይን ግን አልተከለከለም። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እስኪነጣ አዝነዋል፤ ስሞታቸውን ግን ወደ አላህ ብቻ አቀረቡ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ እንባውንም ራሕመት ብለውታል። ታዲያ እኛ ከየት አምጥተን ነው እንባን የኢማን ድክመት ያደረግነው? ትልቁ ዓሊም ኢብኑ ሐዝም እንኳን በወጣትነታቸው የሚወዷት ሴት ስትሞትባቸው ሰባት ወር ልብሳቸውን ሳይቀይሩ እንደቆዩ በራሳቸው ብዕር ጽፈዋል።

ሌላም የነጠቅነው ነገር አለ፤ ኢዳ። አላህ ለተፈታች ሴት የወር አበባ ዑደቷን ቆጥሮ ጊዜ ሰጣት፤ ባሏ ለሞተባት ደግሞ አራት ወር ከአስር ቀን። ሱረቱ አጥ-ጦላቅ የተፈታች ሴት በኢዳዋ ጊዜ ከቤቷ እንዳትባረር ያዛል፤ ሱረቱል በቀራ ደግሞ ለተፈቱ ሴቶች መጦቀሚያ ስጦታ እንዲሰጥ ያዛል። ከመገናኘት በፊት ኒካህ ቢፈርስ እንኳ ኢዳ ባይኖርም መህሩ ተወስኖ ከነበረ ግማሹ የእርሷ ነው፤ በመካከል የነበረውንም ደግነት እንዳንረሳ ታዘናል። እኛ ሰፈር ግን ምን ይሆናል? «ፈትቼሻለሁ» በተባለች ማግስት ሻንጣዋን ይዛ የአባቷ ቤት ትገኛለች። ስጦታው ቀርቶ ልብሷን ለማስመለስ ሽማግሌ ይላካል። ኢዳዋም ለቀጣዩ ባል ቀን መቁጠሪያ ሆኗል። ከዚያ በኋላ «ሶብር አድርጊ» እንላታለን! መጀመሪያ ሐቋን ስጧት፤ ምክሩ ከዚያ ይደርሳል።

ልብህ ለተሰበረ ወንድም፣ ልብሽ ለተሰበረ እህት፤ የምንለው ይህን ነው፦

አልቅሱ፤ ግን ሶላትን አትልቀቁ። ከቻላችሁ በጀማዓ ስገዱ፤ ብቸኝነት ቁስልን ያሰፋል።

ስልኩን አጽዱ። በየሌሊቱ ፕሮፋይሉን እየከፈቱ ማየት ቁስሉን በየቀኑ መቧጨር ነው። የትዳር ምስጢርንም በቲክቶክ አታውጡ፤ የተናደዳችሁበት ቀን ያልፋል፤ ቪዲዮው ግን ይቀራል።

በጫት አትደብቁት፤ ደጅ ጠንቋይ ቤትም አትሂዱ። «አስመልስልሻለሁ» የሚለው ገንዘብሽንም ዲንሽንም ይወስዳል።

እልህ ለመወጣት አታግቡ። በንዴት የተመረጠ ሰው ሁለተኛ ተበዳይ ይሆናል።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካለ፣ ወይም መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ፣ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩና ሐኪም ጋ ሂዱ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም፤ በሽታ ያወረደው ጌታ መድኃኒትንም አውርዷል።

ዱዓም አድርጉ፤ ልባችሁ ባያምንበትም እንኳ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ባላቸው አቡ ሰለማ ሲሞቱ፣ አላህ የተሻለ እንዲተካላቸው የተማሩትን ዱዓ አደረጉ። በልባቸው ግን «ከአቡ ሰለማ የሚበልጥ ማን አለ?» ይሉ ነበር። አላህ የተካላቸው ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

እኛ ጀማዓዎችስ? የፈረሰ ትዳር ያለበትን ቤት እንደ ሐዘን ቤት እንቁጠረው። እንጀራና ወጥ ይዘን እንግባ፤ ሳንጠይቅ፣ ሳንፈርድ እንቀመጥ። ምክር የሌለው ሰው እንኳ አጠገባቸው ሆኖ ሻይ መጠጣት አያቅተውም።

አላህ የተሰበሩ ልቦችን ይጠግን። አሚን! ወላሁ አዕለም።

ይህን የሚያስፈልገው ሰው ታውቃላችሁና አድርሱለት።