የተጫዋቾች ደመወዝ ንረት፦ ሸገር ከተማ ከሰበታ ምን ይማር?

ሸገር ከተማ በ2018 የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ተቀላቅሏል። ክለቡ የሚጠራበት ከተማ በ2015 ዓ.ም. በአንድ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉትን ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ገላንንና ሌሎችንም የአዲስ አበባ ዙሪያ አካባቢዎች ያቀፈ ነው። በ2011 ዓ.ም. በኮንዶሚኒየም ዕጣ ውዝግብ ስሙ በመላ አገሪቱ የተሰማው ኮዬ ፈጬም ዛሬ ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ነው። ለነዚህ አካባቢዎች ወጣቶች የሰፈራቸውን ቡድን በአገሪቱ ትልቁ ሊግ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። እኛም ደስታውን እንጋራለን።

ይሁን እንጂ ክለቡ የገባበት ሊግ የተጫዋቾች ደመወዝ ከዓመት ዓመት የሚያሻቅብበት፣ የክለቦች ገቢ ግን ባለበት የቆመበት ሊግ ነው። ይህን ክፍተት እስካሁን ሲሞላ የቆየው በአብዛኛው የሕዝብ ገንዘብ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ የኳስ አፍቃሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኳስ አይቶ የማያውቀውን ግብር ከፋይም ይመለከታል።

አብረው ያደጉት ሦስት ክለቦች

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ሦስት ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደጉ፦ ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና። ሦስቱም ከተማቸውን ያኮሩ፣ በደጋፊ የታጀቡ ነበሩ።

ሰበታ ታዋቂ አሠልጣኞችን ቀጠረ፣ ስም ያላቸውን ተጫዋቾች አስፈረመ። በ2013 ዓ.ም. ቡድኑን የመሩት ቀደም ሲል የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ የነበሩት አብርሃም መብራቱ ነበሩ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ከክለቡ የሚሰማው ዜና የደመወዝ ዜና ሆነ። ተጫዋቾች ክፍያ ዘገየብን ብለው ልምምድ እስከማቆም ደረሱ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ክለቡ ከሊጉ ወረደ።

ወልቂጤም በደመወዝ ውዝፍ ሲንገላታ ቆይቶ በ2017 የውድድር ዘመን መግቢያ ላይ የክለብ ፈቃድ መስፈርቱን ባለማሟላቱ ከሊጉ ውጭ ሆነ። ከሦስቱ በሊጉ የቀረው ሀዲያ ሆሳዕና ነው። እሱም ቢሆን ከተጫዋቾች የደመወዝ ጥያቄ አላመለጠም።

የጅማው ታሪክ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በታላቁ የጅማ ንጉሥ ስም የተጠራው ጅማ አባ ጅፋር ወደ ሊጉ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አነሳ። አገር ጉድ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ክለቡ በተጫዋቾች ክፍያ ክስና ቅጣት ተተበተበ። ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014፣ ከሰበታ ጋር አብሮ ወረደ። በ2015 ደግሞ ሌላው የአዲስ አበባ ጎረቤት ለገጣፎ ለገዳዲ ባደገበት ዓመት ተመልሶ ወረደ።

ሸገር ከተማ እንግዲህ ዛሬ በውስጡ ካሉት ከተሞች ሁለቱ በቅርብ ዓመታት ሞክረው ያልዘለቁበትን መንገድ ነው የጀመረው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አንድ የእግር ኳስ ክለብ ገንዘብ የሚያገኝባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። የስታዲየም መግቢያ፣ የቴሌቪዥን መብት፣ ስፖንሰር፣ የማሊያ ሽያጭና የተጫዋች ዝውውር ናቸው። በየተራ እንያቸው።

የስታዲየም ገቢው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለአብዛኞቹ ክለቦች ደርቋል። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ሊጉ እንደ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች እየተዘዋወረ በአንድ ቦታ ተሰባስቦ መካሄድ ጀመረ። አሠራሩ ለቴሌቪዥን ቀረጻ ይመቻል። ክለቡ ግን በሜዳው፣ በደጋፊው ፊት የሚጫወትበት ዕድል ጠበበ። የመግቢያ ገቢው ቀርቶ በምትኩ ለወራት የሆቴል፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ መጣበት።

የቴሌቪዥን መብቱ ትልቅ ተስፋ ነበር። የሊጉ አክሲዮን ማህበር ከሱፐር ስፖርት ጋር የአምስት ዓመት ውል ሲያስር የተነገረው አኃዝ 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ማለት ነው። ለ16 ክለቦች ምንም ወጪ ሳይቀነስ እኩል ቢካፈል እንኳ ለአንዱ ወደ 280 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። በወቅቱ ምንዛሪ ይህ ከ10 ሚሊዮን ብር ብዙም አይርቅም።

አሁን ወጪውን እናስላ። 25 ተጫዋቾች ያሉት ክለብ ለእያንዳንዳቸው በወር 50 ሺህ ብር ቢከፍል ዓመታዊ ወጪው 15 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የቴሌቪዥኑ ድርሻ ሙሉ በሙሉ ቢመጣ እንኳ ይህን አይሸፍንም። አማካዩ ክፍያ ወደ 200 ሺህ ብር ቢወጣ ደግሞ ወጪው 60 ሚሊዮን ይደርሳል። የአሠልጣኞች፣ የሆቴልና የትጥቅ ወጪ ገና አልተቆጠረም።

ልዩነቱን የሚሞላው የክለቡ ባለቤት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ድጋፍ ነበረው፣ ኢትዮጵያ ቡናም ሰፊ የደጋፊ መሠረት አለው። አብዛኞቹ ክለቦች ግን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። በ2016 ዋንጫውን የወሰደው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ነው፤ አንዱ የመንግሥት ባንክ፣ ሌላው የመንግሥት የመድን ድርጅት ክለብ። የከተማ ክለብ ከባንክ ክለብ ጋር በደመወዝ ልፎካከር ሲል የሚወዳደረው ከአቅሙ በላይ ነው።

የብሩን ክብደት ለማወቅ ከሌላ ደመወዝ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ2018 መግቢያ በተደረገው ማሻሻያ የአንድ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በወር 11,500 ብር ሆኗል። በላይኛው ስሌት የተጠቀሰው 60 ሚሊዮን ብር ከ430 በላይ ለሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው።

የ50 ሺህ ብሩ ጣሪያ

ችግሩ አልታየም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ውሳኔው በወረቀት ላይ ጠንካራ ነበር። በተግባር ግን ክፍያው በሌላ በር ገባ። ለፌዴሬሽን የሚቀርብ አንድ ውል፣ በመሳቢያ የሚቀመጥ ሌላ ስምምነት የሚለው ወሬ የዝውውር መስኮት በተከፈተ ቁጥር የሚነሳ ሆነ።

ለዚህ ምክንያቱ ቀላል ነው። ጣሪያውን ያወጡት ክለቦች ራሳቸው ተጫዋቹን ለመውሰድ የሚሻሙት ናቸው። የሚያወጡት ገንዘብ የራሳቸው ስላልሆነም ቢከስሩ ከኪሱ የሚከፍል ኃላፊ የለም። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ኃላፊው ይቀየራል፣ ዕዳው ለተተኪው ይቀራል።

ሌላም ስውር ወጪ አለ። ብዙ ተጫዋቾች የሚነጋገሩት በተጣራ ክፍያ ነው፤ ግብሩን ክለቡ ይችለዋል ማለት ነው። በያኔው የግብር ምጣኔ አንድ ተጫዋች 50 ሺህ ብር ተጣርቶ እጄ ይግባ ካለ ክለቡ ጡረታ ሳይቆጠር ወደ 74,600 ብር ማውጣት ነበረበት። በውድድር ዘመኑ መሐል ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚዘነጋውም ይኸው ግብር ነው።

በ2017 የውድድር ዘመን መግቢያ የሊጉ አክሲዮን ማህበር የተሻለ መንገድ ሞክሯል። በአንድ ተጫዋች ደመወዝ ፈንታ ክለቡ በዓመት ለተጫዋቾች የሚያወጣውን ጠቅላላ ክፍያ የሚገድብ መመሪያ አወጣ። መመሪያውን ጥሰዋል በተባሉ ክለቦችና ተጫዋቾች ላይም ቅጣት ተላለፈ። ይህ ከቀድሞው አንድ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም ገደቡ ያለ ቅጣት ምክር ብቻ ነው። ሆኖም ገደቡ ለሁሉም አንድ ዓይነት አኃዝ ከሆነ፣ ገቢ የሌለው ክለብ እስከ ጣሪያው ድረስ ተበድሮ እንዳያወጣ አይከለክለውም። የአውሮፓው ማኅበር ዩኤፋ የያዘው መንገድ ከክለቡ ገቢ የሚነሳ ነው፤ ከ2025/26 ጀምሮ ለቡድን የሚወጣው ወጪ ከገቢው 70 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ያለ ገቢ የሚከፈል ደመወዝ ሀብታሙንም አይምርም። የቻይናው ጂያንግሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ የሊጉን ዋንጫ አንስቶ፣ ባለቤቱ ገንዘቡን ሲያቆም በየካቲት 2021 እንቅስቃሴውን አቆመ። ከዋንጫ እስከ መዘጋት ሦስት ወር ገደማ ብቻ ነው።

የተጫዋቹ ሐቅ

እዚህ ላይ ጣታችንን ተጫዋቹ ላይ ብቻ መቀሰር ፍትሐዊ አይሆንም። የኳስ ዕድሜ አጭር ነው። ብዙው ተጫዋች ከ30 ዓመት በኋላ ሌላ ሙያ የለውም፤ አንድ የጉልበት ጉዳት ሁሉንም ሊያስቆመው ይችላል። በውል የተስማማበት ክፍያ ሐቁ ነው። ሠራተኛን ሠርቶ ሳለ ክፍያውን ማዘግየት በዲናችን ከባድ በደል ነው፤ ውልን መሙላትም ግዴታ ነው። ደመወዙ በዛ ብሎ የሚተች አስተዳደር በፈቃዱ የፈረመውን ውል ለመብላት ምክንያት ሊያደርገው አይችልም።

ነገር ግን ሐቁ ሁለት ወገን አለው። በሁለት ዓይነት ውል መፈራረም፣ አንዱን ለማሳያ ሌላውን ለእውነት ማድረግ ማታለል ነው፤ ክለቡም፣ ወኪሉም፣ ተጫዋቹም ይጠየቁበታል። በሕዝብ ገንዘብ ላይ የተሾመ ሰው ደግሞ አማና ተሸክሟል። እንደማይከፍል እያወቀ የሚፈርም ኃላፊ ተጫዋቹንም ነዋሪውንም በድሏል።

ለሙስሊም ተጫዋችና ደጋፊ ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ሊጉ ለተወሰኑ ዓመታት የተጠራው በአንድ የስፖርት ቁማር ድርጅት ስም፣ ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተብሎ ነበር። ገቢ ሲጠብ ቀድሞ በሩን የሚያንኳኳው የቁማር ገንዘብ ነው። ተጫዋቹ የሊጉን ስፖንሰር አልመረጠም፤ የግል ሁኔታውን ለዑለማ ማቅረብ ይችላል። ሊጉና ክለቦቹ ግን ምርጫ አላቸው። የሰፈር ልጆች የዕለት ገቢያቸውን በውርርድ ቤቶች እየበተኑ ባሉበት ጊዜ፣ የክለብን ደመወዝ በዚያው ገንዘብ መደጎም ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ቤተሰብን ማድኸየት ነው።

ምን ይደረግ?

የአቡበከር ናስር መንገድ ጥሩ ማሳያ ነው። በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ በ2013 የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከዚያም በ2014 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። ክለብ ወጣት አሳድጎ ለውጭ ሲሸጥ ተጫዋቹም ይጠቀማል፣ ክለቡም ገቢ ያገኛል። እዚሁ ሊግ ውስጥ ያንኑ ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ በጨረታ ማዘዋወር ግን ደመወዙን ብቻ ያንራል። አዲስ ተጫዋች አይፈጥርም።

ኮዬ ፈጬን ካየን የወጣት እጥረት የለም። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በሕንፃዎች ላይ ተደራርበው በሚኖሩበት ሰፈር ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉት በሕንፃዎቹ መሐል በተረፈ ቦታ ነው። የአንድ ታዋቂ ተጫዋች የዓመት ደመወዝ ለአንድ ክፍለ ከተማ የታዳጊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ኳስና ትጥቅ ይችላል።

ስለዚህ የሸገር ከተማ ነዋሪ፣ የክለቡ ደጋፊም ሆነ አልሆነ፣ አስተዳደሩን ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል እንላለን። አንደኛ፣ ለክለቡ የሚመደበው ዓመታዊ በጀትና የደመወዙ ድርሻ በይፋ ይነገር። ሁለተኛ፣ የውድድር ዘመኑ ሙሉ ደመወዝ በባንክ ሳይያዝ አዲስ ተጫዋች አይፈረም። ሦስተኛ፣ ከበጀቱ የታወቀ ድርሻ ለክፍለ ከተሞች ሜዳና ለታዳጊ ቡድኖች ይለይ፤ በውድድር ዘመኑ መሐል ገንዘብ ሲያጥርም ወደ ዋናው ቡድን አይዙር።

ጥያቄው መቅረብ ያለበት አሁን፣ ክለቡ በሊጉ ባለበትና ሰው ሁሉ በሚያደምጥበት ጊዜ ነው። በሰበታ የደመወዝ ጥያቄው ጎልቶ የተሰማው ውሉ ከተፈረመ፣ ገንዘቡም ካለቀ በኋላ ነበር።