ለልጅ ልጅ የሚገዛው ሬዲዮ ፈቃድ ይፈልግ ይሆን?



ጀርመን ወይም እንግሊዝ ያሉ ልጆቻችንን ልንጠይቅ ስንሄድ፣ የልጅ ልጆቻችን ከሚለምኑን ስጦታ አንዱ ዎኪ ቶኪ የምንለው የእጅ ሬዲዮ ነው። ልጅን ከስልክ አላቅቆ ደጅ ስለሚያወጣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን በኢንተርኔት በርካሽ በሚሸጠው ሬዲዮ ሁሉ ያለ ፈቃድ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ሦስቱን ዓይነት እንለያቸው።

አንደኛው ለልጆች የሚሆነው ነው፤ ፒ ኤም አር 446 ይባላል። ኃይሉ ከግማሽ ዋት አይበልጥም፤ አንቴናውም አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይነቀልም። በአውሮፓ ያለ ፈተናና ያለ ፈቃድ ይሠራል።

ሁለተኛው ሲቢ ሬዲዮ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲነጋገሩበት ኖረዋል። 27 ሜጋኸርዝ አካባቢ 40 ቻናሎች አሉት፤ በአውሮፓ የተለመደው ጣሪያ በኤፍ ኤም 4 ዋት ነው። እንግሊዝ ፈቃድ ማስወጣቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አስቀርታለች። ጀርመን እስከ 80 ቻናል ትፈቅዳለች፤ ተጨማሪዎቹ 40 ግን በሁሉም ጎረቤት አገር ስለማይፈቀዱ ድንበር ሲሻገሩ ማጣራት ያስፈልጋል። ኃይል የሚጨምር ማጉያ መግጠም ክልክል ነው።

ሦስተኛው አማተር ሬዲዮ ነው። ይህ ፈተና ማለፍ፣ ፈቃድና የራስ የጥሪ መለያ ማግኘት ይጠይቃል። ንግድ ማካሄድም ሆነ በምስጢር ኮድ መነጋገር አይፈቀድበትም። ልጁ ፍላጎት ካለው ግን አታስቀሩት፤ በእንግሊዝም በጀርመንም የዕድሜ ገደብ የለም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2024 ለጀማሪዎች ቀለል ያለ የፈተና ደረጃ ጀምራለች።

የሚያሰጋኝ በሁለቱ መካከል የሚገባው ዕቃ ነው። መልኩ የልጆቹን ሬዲዮ ይመስላል፤ ግን አንቴናው ይፈታል፣ ኃይሉም 5 ዋት ነው። ቁልፉን የነካካ ልጅ ሳያውቅ መርከበኞች የድረሱልኝ ጥሪ በሚያሰሙበት ሞገድ ላይ ሊጮህ ይችላል። በነርስነት ዘመኔ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ የድረሱልኝ ጥሪ ሳይሰማ ያለፈች ደቂቃ እንደማትመለስ ነው። ለልጁ ጨዋታ የሆነው ለሌላው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ቅጣቱ ደግሞ ለወላጆቹ ይተርፋል።

ስለዚህ ስትገዙ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ ማሸጊያው ላይ ፒ ኤም አር 446 የሚል ጽሑፍ፣ ዕቃው ላይ የሲ ኢ ምልክት፣ የማይፈታ አንቴና። አንዱ ከጎደለ ይቅርባችሁ።

በሻንጣ ወደ አገር ቤት ለማምጣት ያሰባችሁም ቆም በሉ። በአውሮፓ ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያወጣ ሰው በስምምነቱ በታቀፉ አገሮች በጉብኝት ላይ ሳለ እስከ 3 ወር ሊሠራበት ይችላል። ኢትዮጵያ ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ የለችም። ያለ ፈቃድ የሚሠራው የልጆቹ ሬዲዮም ነፃነቱ የአውሮፓ ነው። ቦሌ ጉምሩክ ላይ ተይዞ የልጁ ዕንባ ከሚፈስ፣ ከጉዞው በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ ይሻላል።

ስጦታ ደስታ እንጂ ጣጣ አይሁንባችሁ። ሳምንት በሰላም ያገናኘን!