ሽማግሌ እስኪቀመጥ ዱላውን ማን ይያዝ?

አምቦን፣ ጉደርን፣ ግንጪንና ጌዶን ይዞ በሚገኘው የምዕራብ ሸዋ ገጠር የገበሬው ጠብ በአብዛኛው የሚነሣው ከሩቅ ሰው ጋር አይደለም። የሚነሣው በሬ ከሚያቀናጀው፣ በማሳ ከሚዋሰነው፣ በአንድ እድር ከሚቀብረውና ከአንድ ምንጭ ከሚቀዳው ጎረቤት ጋር ነው። ይህ ለማንም የገበሬ ማኅበር መሪ አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በመዝገብ ቀበሌ ይባል እንጂ ሕዝቡ ገበሬ ማኅበር ማለቱን ያልተወው ጽሕፈት ቤት ክረምቱ ሲቃረብ ወሰን ተገፋብኝ፣ ከብት ተለቀቀብኝ፣ ተዛተብኝ የሚል ባለአቤቱታ አያጣም።

ሊታሰብበት የሚገባው የአቤቱታው አያያዝ ነው። ባለአቤቱታው ሲቀርብ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ሽማግሌ ምረጡና ተቀመጡ» ይባላል። መልሱ ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሽማግሌው እስኪቀመጥ ባሉት ቀናት ሁለቱ ሰዎች ምን ማድረግ እንደሌለባቸው የነገራቸው የለም። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ማሳው ይታረሳል፣ የወሰኑ ድንጋይ ይነቀላል፣ አጥሩ ይፈርሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ደም ይፈስሳል። ያን ጊዜ ስለ አንድ ትልም ሊነጋገር የተጠራው ሽማግሌ ስለ ጉማ ለመነጋገር ይቀመጣል።

የጠቡ መነሻ ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በእርሻ ወቅት ወደ ጎረቤት ማሳ አንድ ትልም አስገብቶ ማረስ በዓይን አይታይም፤ በሦስትና በአራት ዓመት ግን አንድ ቁና ዘር የሚበላ መሬት ይሆናል። በወሰን ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍም እንዲሁ ነው። ለተከለው ገበሬ የአጣናና የማገዶ ገንዘብ ያመጣለታል፤ ከዛፉ ሥር ላለው ጎረቤት ግን ሥሩ እርጥበቱን እየሳበ፣ ጥላው እያጠላ፣ በዳር በኩል ያለውን ጤፍና ገብስ ያቀጭጭበታል። ዛፉ በአንድ ክረምት ስለማይነቀል ጠቡም በአንድ ክረምት አይነቀልም።

ከሁሉ ይልቅ ግንጪና አካባቢው ባለው ጥቁር መሬት ላይ የሚታየው የውኃ ነገር ልዩ ትኩረት ያስፈልገዋል። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ ሰብሉም በእግሩ ውኃ ቆሞበት ይቢጫል። የግብርና ሠራተኛውም ሆነ የአገሩ ልምድ የሚመክረው ቦይ አውጥቶ ውኃውን ማንጣፈፍ ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገር የተሰጠ ምክር ግማሽ ምክር ነው። የላይኛው ገበሬ ቦዩን አውጥቶ ስንዴውን ሲያድን፣ የታችኛው ገበሬ ጠዋት ተነሥቶ ማሳው ኩሬ ሆኖ ያገኘዋል። ቦዩን በአፈር ይደፍነዋል፤ የላይኛው መጥቶ ይከፍተዋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ሁለቱም አካፋና ዱላ ይዘው ይገናኛሉ። ሁለቱም ሰብላቸውን ለማዳን ነው የወጡት። ይህን ዓይነቱን ጠብ «የሁለት ክፉ ሰዎች ነገር» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጠብን ከመድረሱ በፊት ማገድ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ያነሣውን ዱላ ይዞ ባለበት መቆም ነበረበት። በቃሉ ላይ የንጉሡ ስም የተጨመረበት ዘመንም ነበር። ይህን ሰምቶ የተላለፈ ሰው በዳኛ ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ወሰኑ ሳይሆን «በሕግ አምላክ ስትባል ለምን አልቆምህም?» የሚል ነበር። በኦሮሞም ዘንድ ባለትዳር ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በሁለት ተጋጣሚዎች መካከል ከቆሙ ወንዱ መሣሪያውን ይመልሳል። ሲንቄን ጥሶ ማለፍ ነውር ነው። በሁለቱም ልማድ ውስጥ ያለው ብልሃት አንድ ነው፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ሁለቱም ወገን ይቆማል። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የገበሬ ማኅበር ራሱ በዚህ ጉዳይ ታሪክ አለው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ከ20 ጋሻ ወይም ከ800 ሄክታር በማያንስ ቦታ ላይ ማኅበር እንዲቋቋም ሲያዝዝ፣ በአካባቢው የሚነሣውን የመሬት ክርክር የሚሰማ ፍርድ ሸንጎ የማቋቋሙንም ተግባር ለማኅበሩ ሰጥቶት ነበር። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ ሸንጎውን አጠናከረው። የሸንጎው መልካም ጎን ቅርብነቱ ነበር፤ ጠዋት የተነቀለውን ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ሄዶ ማየት ይችላል። ጉድለቱም ከዚያው ከቅርብነቱ የመጣ ነበር፤ ዳኛው የአንደኛው አማች፣ የሌላው ባለዕዳ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ያ ሥርዓት ዛሬ የለም። የቀበሌ መሪ ዳኛ አይደለምና በራሱ ቃል ሰው ማሰር፣ በሬ መያዝ ወይም ማሳ መዝጋት አይችልም። ይህን የሚረሱ መሪዎች አሉ፤ በዚህ የተነሣ አቤቱታ ሰሚው ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ዳኛ አይደለሁም ብሎ እጅን ማጣጠፍም አይገባም። ለጎረቤት ጠብ ተብሎ ለብቻው የወጣ የእግድ አዋጅ ባይኖርም፣ ነገሩን የሚገዙ ድንጋጌዎች በየሕጉ ውስጥ አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1149 ይዞታው የተነካበት ወይም የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። በፍርድ ቤት ደጃፍ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው አቤቱታ ይህ ነው። ጊዜው ግን ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ «ይሁን፣ ይታገሠኛል» እያለ ሦስት ክረምት ያሳለፈ ገበሬ በዚህ መንገድ የመጠየቅ መብቱን ያጣል። ከዚሁ በፊት ያለው ቁጥር 1148 ባለይዞታው የሚመጣበትን ነጣቂ በኃይል እንዲከላከል መፍቀዱን ብዙ ሰው በወሬ ሰምቶታል። ወሬው የሚተወው ግን ድንጋጌው መከላከሉ ወዲያውኑ እንዲሆን፣ ከሁኔታው ያለፈ የኃይል ሥራም እንዳይፈጸም ማዘዙን ነው። ትናንት ለተነቀለ ድንጋይ ዛሬ ማታ ዱላ ይዞ የጎረቤት ደጃፍ መሄድ መከላከል አይባልም።

ክስ ከቀረበ በኋላ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክርክር የተነሣበት ንብረት የመጥፋት ወይም የመበላሸት አደጋ ያለበት መሆኑ በቃለ መሐላ ወይም በሌላ ማስረጃ ሲረጋገጥ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ቁጥሩ 154 ነው። ዛቻም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የዛተን ሰው ለመልካም ጠባዩ ዋስ እንዲጠራ ማድረግም በዚሁ ሕግ የታወቀ ነው። ይህ የመጨረሻው ለገጠሩ ኑሮ እጅግ የሚስማማ ሆኖ ሳለ ብዙም ሲጠየቅ አይሰማም። ዋስ የሆነው አጎት ወይም የእድር ዳኛ ከፖሊስ ይልቅ ቅርብ ነው፤ ሰውየው ወደ ማሳው ሲወጣ ያየዋል፣ ጠላ ቤት ሲገባም ያየዋል።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ በሌላ መልክ ተይዟል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ሰውን ከማዋከብ ለመከላከል የወጣው ሕግ ፍርድ ቤቶች ጎረቤቱን የሚያዋክበውን ሰው ከድርጊቱ እንዲታቀብ እንዲያዝዙ አስችሏል፤ በአሜሪካም እንዲህ ያለው ሰው ከባለአቤቱታው ይህን ያህል ርቀት እንዳይቀርብ ይታዘዛል። ርቀቱን ወስዶ በጀልዱ ወይም በጨሊያ ገጠር ላይ ልዘርጋ የሚል ሰው ግን ይቸገራል። መንገዱ አንድ፣ ምንጩ አንድ፣ መካነ መቃብሩ አንድ ነው። «መቶ ሜትር ራቅ» የተባለው ሰው ከራሱ ጎጆ መውጣቱ ነው። ለዚህ አገር የሚበጀው ሰውየውን የሚያርቅ ሳይሆን ድርጊቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ የሚከለክል ትእዛዝ ነው፤ ድንጋዩን አትንካ፣ ቦዩን አትድፈን፣ ከብትህን በዚህ በኩል አታውርድ፣ ሰክረህ በዚህ ደጃፍ አትለፍ።

እዚህ ላይ ሊድበሰበስ የማይገባው ሌላ ነገር አለ። እግድ እንደ ዱላ ሁሉ ማጥቂያ ሊሆን ይችላል። ወሰን የገፋው ሰው ቀድሞ ወረዳ ይደርስና «ክርክር ያለበት መሬት ነው፣ ማንም እንዳይነካው ይታገድልኝ» ይላል። ትእዛዙ በሰኔ ማለቂያ ይወጣል። በጥቁር መሬት ላይ ጤፍ የሚዘራው በሐምሌና በነሐሴ መግቢያ ነው። የክርክሩ ቀጠሮ ጥቅምት ላይ ከሆነ ያ ማሳ ጾሙን ያድራል፤ ያንን ማሳ ብቻ የያዘ ቤተሰብም አብሮት ይጾማል። ሌላ አራት ማሳ ያለው ተከራካሪ ይህን አይፈራም። እንዲያውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የከተማ ቤት ታሽጎ ቢከርም ያው ቤት ነው፤ ያመለጠ የዘር ወቅት ግን በፍርድ አይመለስም። ጓያና ሽምብራ ዝናቡ ካለፈ በኋላ በቀሪው እርጥበት ስለሚዘሩ በመስከረም የተነሣ እግድ ጥቂት ሊያድን ይችላል፤ ጤፉን ግን አይተካም።

ስለዚህ የመሬት እግድ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ የቀበሌው መሪና የግብርና ሠራተኛው ለፍርድ ቤቱ ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ማን ይዝራ? መልሱ እንደ ሁኔታው ይለያያል። ያለፈውን ዓመት ያረሰው ሰው እንዲዘራ፣ ምርቱ በምስክር ተወቅቶ ተሰፍሮ በሦስተኛ ሰው ጎተራ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቻላል። ክርክሩ በአንድ ክንድ ወሰን ላይ ከሆነ ያቺ ክንድ ብቻ ሳትታረስ ቆይታ የቀረው ማሳ መሠራት አለበት። ሙሉ ማሳ የሚያግድ ትእዛዝ የመጨረሻ አማራጭ መሆን ይገባዋል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው ገበሬም ደብተሩን ከሣጥን አውጥቶ ገና ከመጀመሪያው ቀን ማቅረብ ይጠበቅበታል።

የባልቴቶችም ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ባልዋ የሞተባትና ልጆችዋ ያልደረሱላት ሴት ማሳዋን ለእኩል አራሽ ስትሰጥ፣ ጎረቤትዋ ከእኩል አራሹ ጋር ተስማምቶ ወሰን መግፋቱ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ሲመረጥም ከሁለቱ ወገን የሚመረጡት ብዙውን ጊዜ ወንዶች፣ ያውም የጎረቤትየው የጽዋ ወዳጆች ናቸው። «እርቅ አልቀበልም» ካለች ክፉ ትባላለች፤ ከተቀበለች መሬቷን አጣች። ለእንዲህ ዓይነትዋ ሴት ከሽምግልናው በፊት የተጻፈ የመታቀብ ቃል ከእርቁ ራሱ ይበልጥባታል። ከሽማግሌዎቹም መካከል ቢያንስ አንዲት ሴት እንድትኖር መሪው ቢጠይቅ ከአገሩ ልማድ አይወጣም፤ ሲንቄ የያዘችው እርስዋ ናትና።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 አቤቱታው በመጀመሪያ ለቀበሌ እንዲቀርብ፣ ተከራካሪዎቹ በየፊናቸው ሁለት ሁለት ሽማግሌ እንዲመርጡ፣ ውጤቱም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመሬት ሕጎች ተሻሽለዋል፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችም እውቅና አግኝተዋል። ሽማግሌ ማስቀደሙ ግን እንደቀጠለ ነው። 15 ቀንም ሆነ 30 ቀን፣ ያ ጊዜ ያለ ጠባቂ መተው የለበትም።

ለዚህ ደግሞ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ባለአቤቱታው በቀረበበት ዕለት ሌላኛው ወገን ይጠራል። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሁለቱም የማይነኩት ነገር በቦታው፣ በድንጋዩ፣ በቦዩና በዛፉ ስም ተጠቅሶ ይጻፋል። «በሰላም ይኑሩ» የሚል ቃል ብቻውን ምንም አልከለከለም። ሁለቱ በፈቃዳቸው ይፈርማሉ ወይም ያትማሉ፤ አልፈርምም ያለ እንደሆነ እምቢታው ይመዘገባል፣ ለፍርድ ቤትም ለፖሊስም ይጠቅማል። ዛቻ ተሰምቶ ከሆነ ቃሉ እንደተነገረ፣ ቀኑና የሰሙት ሰዎች ስም ይሰፍራል፤ ባለአቤቱታውም በዚያው ቀን ወደ ፖሊስ ይላካል እንጂ «እስቲ እንየው» አይባልም። ማብቂያ ቀኑም ይጻፋል፤ ማብቂያ የሌለው እገዳ ራሱ ሌላ ጠብ ይወልዳል። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ አንዱ ለከሳሽ፣ አንዱ ለተከሳሽ፣ አንዱ ለቀበሌው መዝገብ። ነገሩ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሄደ ከቀበሌው ቅጂ ላይ ተገልብጦ ማኅተም ያርፍበታል።